የዋሽንግተን ኳርተርባኮች፦ ከሳሚ ባው እስከ ጄደን ዳንኤልስ ማንን እንምረጥ?

የአሜሪካ ፉትቦል በዋሽንግተን አካባቢ ሐበሻ ቤት የገባው በልጆች በኩል ነው። አባት አርሰናልን ወይም ማንቸስተር ዩናይትድን ይዞ ከአገር ቤት መጣ። ልጁ ግን ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ አደገ። ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት የሚወራው ስለ ከተማው ቡድን ስለ ኮማንደርስ ነው። ስለዚህ እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ቴሌቪዥኑ የልጁ ነው። ክርክሩም ከዚያው ይነሳል። ልጁ «እንደ ጄደን ዳንኤልስ ያለ ኳርተርባክ ይህ ቡድን ኖሮት አያውቅም» ይላል። ከ1980ዎቹ ጀምሮ እዚህ የኖረው አጎቱ «ዳግ ዊሊያምስን መቼ አየኸውና!» ብሎ ይነሳበታል። ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለው የአክስት ልጅ ደግሞ «የግሪፈን ጉልበት ደህና ቢሆን ኖሮ» እያለ ይቆጫል።

ይህን ክርክር በጣም እወደዋለሁ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ግን ሦስቱ ሰዎች ሦስት የተለያየ ጥያቄ እየመለሱ ስለሆነ ነው። ማንን ከማን ጋር፣ በምን ሚዛን እንደምናወዳድር መጀመሪያ ከተስማማን ግን ጨዋታው ሌላ ይሆናል። እኔም የራሴን ምርጫ ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

ለጨዋታው አዲስ ለሆነ ሰው፣ ኳርተርባክ ማለት የማጥቃት እንቅስቃሴውን የሚጀምረው ተጫዋች ነው። ኳሱ ከመሃል ተቀባብሎ እሱ እጅ ይገባል። ከዚያ ወይ ይወረውራል፣ ወይ ለሯጭ ያቀብላል፣ ወይ ራሱ ይዞ ይሮጣል። ለመወሰን ያለው ጊዜ ሦስት ሰከንድ ላይሞላ ይችላል። ፊቱ አምስት ግዙፍ ሰዎች ቆመው ተጋጣሚ እንዳይደርስበት ይከላከሉለታል። ኦፌንሲቭ ላይን ይባላሉ፣ እኔ የፊት መስመር እላቸዋለሁ። እነዚህን አምስት ሰዎች አደራ አትርሷቸው።

ዓመተ ምህረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የቡድኑ ስም እስከ 2020 ሬድስኪንስ ነበር። የአሜሪካን ነባር ሕዝቦች ያዋርዳል ተብሎ ቀረ። ሁለት ዓመት ያለ ቅጽል ስም ከቆየ በኋላ በ2022 ኮማንደርስ ተባለ። ለማሳጠር ዋሽንግተን እያልኩ እቀጥላለሁ።

ቁጥር ከመጥቀሳችሁ በፊት

ስልክ አውጥቶ ያርድ (ከሜትር ትንሽ የሚያንስ የርቀት መለኪያ) መቁጠር ቀላል ነው። ቁጥሩ ግን ዘመኑን አይነግራችሁም። በሳሚ ባው ጊዜ የአንድ ሲዝን ጨዋታ ከ10 እስከ 12 ብቻ ነበር። በ1961 ወደ 14፣ በ1978 ወደ 16፣ በ2021 ወደ 17 አደገ። ስለዚህ የሁለት ዘመን ሰዎችን በዓመት ድምር አታወዳድሩ። ለጨዋታ አካፍሉት።

ሕጉም ተቀይሯል። በድሮው ጊዜ ተከላካይ ኳስ ተቀባዩን ሜዳ ሙሉ እየገፋና እየጎሸመ መከተል ይችል ነበር። በ1978 ከአምስት ያርድ በኋላ መንካት ተከለከለ። የፊት መስመር ተጫዋቾችም እጃቸውን ዘርግተው እንዲከላከሉ ተፈቀደላቸው። ኳርተርባኩን መምታትም ከጊዜ ወደ ጊዜ ገደቡ በዛ። መወርወር እየቀለለ መጣ ማለት ነው። ሶኒ ጀርገንሰን በ1967 የወረወረው 3,747 ያርድ ዛሬ ከሚወረወር 3,747 ያርድ ጋር እኩል አይደለም።

ቀጥሎ አብሮት ማን እንደነበር እዩ። ሹፌር ሲመዘን መኪናውም ይታያል፤ ኳርተርባክም እንዲሁ ነው። ፊቱ ማን ቆሞለት ነበር? ማን ይቀበለው ነበር? አሰልጣኙ ማን ነበር? የዋሽንግተን ታሪክ ደግሞ ለዚህ ጥያቄ ከሌላው ቡድን ሁሉ የተሻለ ማስረጃ አለው። እደርስበታለሁ።

በመጨረሻ ጥያቄውን ለዩ። በዘመኑ ሁሉ ብዙ የሠራው ማን ነው? በአንድ ሲዝን ከፍ ብሎ የታየው ማን ነው? ነገ አንድ ጨዋታ ብቻ ቢኖረኝ ማንን አሰልፋለሁ? ለሚመጡት ዓመታት ማንን ይዤ ቡድን እሠራለሁ? ለእኔ እነዚህ አራት ጥያቄዎች አራት የተለያየ ስም ነው የሚሰጡኝ።

ሳሚ ባው፣ ሁሉን የሠራው

ባው ከቴክሳስ የመጣው በ1937 ነው። ቡድኑም ከቦስተን ወደ ዋሽንግተን የተዛወረው በዚያው ዓመት ነው። ገና በመጀመሪያ ሲዝኑ በፍጻሜው ሦስት ታችዳውን (ኳሱ የተጋጣሚን የጎል መስመር ሲያልፍ የሚቆጠር ነው) ወርውሮ ቺካጎ ቤርስን 28 ለ 21 አሸነፉ። በ1942 ዋንጫውን ደገሙት። መሃል ላይ በ1940 ፍጻሜ በዚያው ቤርስ 73 ለ 0 ተሸንፈዋል። በሊጉ ታሪክ ከዚያ የከፋ ሽንፈት እስከ ዛሬ የለም።

ይጫወቱበት የነበረው ግሪፊት ስታዲየም ዛሬ የሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያለበት ቦታ ላይ ነበር። 9ኛው መንገድና ዩ ስትሪት አካባቢ ካሉት የእኛ ምግብ ቤቶች በእግር ይደረሳል። ክትፎ በልተን ስንወጣ የምናልፍበት ሰፈር የባው ሜዳ እንደነበር የሚያውቅ ሐበሻ ብዙ አይመስለኝም።

በዚያ ዘመን ተጫዋች ያጠቃል፣ ተመልሶም ይከላከላል። በ1943 ባው በመወርወር ሊጉን መራ። ፐንት የሚባለውን ኳስን በእግር መትቶ የማራቅ ሥራ በመሥራትም አንደኛ ሆነ። ተከላካይ ሆኖ ደግሞ 11 ኳስ ጠልፎ በዚያም አንደኛ ወጣ። ዛሬ ይህ የሦስት ሰው ሥራ ነው። በዚያው ዓመት ዲትሮይትን ሲገጥሙ አራት ታችዳውን ወርውሮ አራት ኳስ ጠልፏል፤ በአንድ ጨዋታ! በ1940 ያስመዘገበው የ51.4 ያርድ የፐንት አማካይ ክብረ ወሰን የተሰበረው በ2022 ነው። በ1945 ደግሞ ከወረወራቸው ኳሶች 70.3 በመቶው ለጓደኞቹ ደርሷል። ዳንኤልስ በ2024 ያገኘው 69 በመቶ ነው። በመካከላቸው ሰባ ዘጠኝ ዓመት አለ።

ባው ላይ የሚነሳ ከባድ መከራከሪያ ግን አለ፤ መነሳትም አለበት። ከ1934 እስከ 1945 በሊጉ ጥቁር ተጫዋች አልነበረም። ዋሽንግተን ራሱ ጥቁር ተጫዋች ያሰለፈው በ1962 ነው፣ ከሁሉም ቡድን መጨረሻ። ስለዚህ ባው የተጫወተው ከአገሪቱ ምርጥ አትሌቶች ሁሉ ጋር አይደለም። ይህን ይዤም ቢሆን «በዘመኑ ሁሉ ብዙ የሠራው ማን ነው?» ለሚለው መልሴ ባው ነው። 16 ሲዝን በአንድ ቡድን ተጫውቷል። በ1963 የጨዋታው ታላላቆች የሚከበሩበት ሆል ኦፍ ፌም ሲከፈት ከገቡት 17 የመጀመሪያ ሰዎች አንዱ ነው። ኳስ መወርወር አልፎ አልፎ የሚሞከር ነገር ሳይሆን የጨዋታው ዋና መንገድ እንዲሆን ካደረጉት ሰዎች ፊት የሚቆም ነው።

ጀርገንሰን፣ ክንዱ ብቻ ቢመዘን

የድሮ ደጋፊዎች «እንደ ሶኒ የሚወረውር አላየንም» ሲሉ እመኑዋቸው። ጀርገንሰን በ1964 ከፊላደልፊያ በልውውጥ መጣ፤ እስከ 1974 ተጫወተ። በ1967 የወረወረው 3,747 ያርድና 31 ታችዳውን ነው። ቡድኑ ግን ያን ዓመት የጨረሰው በ5 ድል፣ በ6 ሽንፈትና በ3 አቻ ነው። እሱ ያገባል፣ መከላከሉ መልሶ ያስገባል። በ1966 ኒው ዮርክ ጃየንትስን 72 ለ 41 አሸነፉ። በሊጉ ብዙ ነጥብ የተቆጠረበት ጨዋታ ነው። ውጤቱ ራሱ የቡድኑን ጠባይ ይናገራል።

ዕድሉም አልቀናውም። ቡድኑ በጥር 1973 የሊጉ ፍጻሜ ጨዋታ፣ ሱፐር ቦውል፣ ሲደርስ እሱ ተጎድቶ ነበር። ቢሊ ኪልመር ተሰልፎ ማያሚ 14 ለ 7 አሸነፈ። ሶኒ ወይስ ቢሊ የሚለው ክርክር በዚያን ጊዜ ከተማውን ለሁለት ከፍሎ ነበር፤ ሰው አቋሙን መኪናው ላይ ለጥፎ ይነዳ ነበር። እኔ በክንድ ጥራት ብቻ ከሆነ ሶኒን ማንም አይቀድምብኝም። ዋንጫ የለውም ብሎ የሚጥለው ሰው ግን የቡድኑን ጥፋት በአንድ ሰው ላይ እየጫነ ነው።

ሦስት ዋንጫ፣ ሦስት ኳርተርባክ

አሁን የፊት መስመሩን አስታውሱ። አሰልጣኝ ጆ ጊብስ ለዋሽንግተን ሦስት ሱፐር ቦውል አሸነፈ። ሦስቱንም በሦስት የተለያዩ ኳርተርባኮች ነው ያሸነፈው። ይህን ያደረገ ሌላ አሰልጣኝ የለም። ያልተለወጠው ፊት ለፊት የቆመው መስመር ነው። ደጋፊው «ሆግስ» ይላቸው ነበር። ጆ ጃኮቢ፣ ረስ ግሪም፣ ጄፍ ቦስቲክ የዚያ መስመር ሰዎች ናቸው። ኳርተርባክ ስታወዳድሩ እነሱን ካልቆጠራችሁ ስሌቱ ከጅምሩ ይሳሳታል።

የመጀመሪያው ጆ ታይዝማን ነው። ከካናዳ ሊግ መጥቶ በ1974 ቡድኑን ሲቀላቀል ሁለት ታላላቅ ኳርተርባኮች ቀድመውት ነበር። ሜዳ ለመግባት ሲል ሌላ ኳርተርባክ የማይነካውን ሥራ፣ ፐንት መቀበልን፣ ጠይቆ ሠራ። በጥር 1983 ማያሚን 27 ለ 17 ሲያሸንፉ ኮከብ የተባለው ሯጩ ጆን ሪጊንስ ነው። ይገባዋልም። የታይዝማን ትልቁ ሥራ ግን መዝገብ ላይ በደንብ የማይታይ ነው። ዋሽንግተን 17 ለ 13 እየተመራ፣ ራሱ የወረወረውን ኳስ የማያሚው ኪም ቦካምፐር በእጁ መትቶ ወደ ላይ አነሳው። ቦታው ከዋሽንግተን የጎል መስመር ጥቂት ያርድ ላይ ነው። ቦካምፐር ኳሱን ቢይዘው ኖሮ ታችዳውን ነበር። ታይዝማን ዘሎ ከእጁ አስጣለው። እኔ የታይዝማን ስም በተነሳ ቁጥር የማስበው ይህንን ነው።

በሚቀጥለው ሲዝን 14 ጨዋታ አሸንፈው 541 ነጥብ አስቆጠሩ፣ የዚያ ጊዜ የሊጉ ክብረ ወሰን። ታይዝማን 3,714 ያርድና 29 ታችዳውን ወርውሮ የሊጉ ኮከብ ተባለ። በአንድ ሲዝን ከፍ ብሎ ለታየው ኳርተርባክ መልሴ ይህ የ1983ቱ ታይዝማን ነው። በሱፐር ቦውሉ በሬደርስ 38 ለ 9 መሸነፋቸው ሐሳቤን አያስቀይረኝም። ኅዳር 18 ቀን 1985 ሰኞ ማታ ጃየንትስን ሲገጥሙ እግሩ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ አልተጫወተም። እስከ ዛሬ በቡድኑ ታሪክ ብዙ ያርድ የወረወረው እሱ ነው፣ 25,206።

ሁለተኛው ዳግ ዊሊያምስ ነው። እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብኝ።

ዊሊያምስ በ1987 ሲዝን ተጠባባቂ ነበር። ቋሚው ጄይ ሽሮደር ነበር። ፕሌይኦፉ፣ ማለትም ከመደበኛው ሲዝን በኋላ ያለው ጥሎ ማለፍ፣ ሲጀመር ጊብስ ዊሊያምስን መረጠ። ቺካጎን በሜዳቸው 21 ለ 17፣ ሚኒሶታን 17 ለ 10 አሸንፈው ሳን ዲዬጎ ሱፐር ቦውል ደረሱ። የጨዋታው ዋዜማ ላይ ዊሊያምስ ጥርሱን ታሞ ሥሩ ተቆፍሮ ታከመ። በማግስቱ ጥር 31 ቀን 1988 ሜዳ ገባ። የዴንቨሩ ጆን ኤልዌይ ገና በመጀመሪያው እንቅስቃሴያቸው የ56 ያርድ ታችዳውን ወረወረ። መጀመሪያው ሩብ ሳያልቅ 10 ለ 0 ሆነ። ዊሊያምስ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ አዳልጦት ጉልበቱ ተጠመዘዘ። ወጣ። ሽሮደር ለጥቂት ጊዜ ተተካ።

ሁለተኛው ሩብ ሲጀመር ዊሊያምስ ተመለሰ። መጀመሪያ ለሪኪ ሳንደርስ 80 ያርድ። ቀጥሎ ለጋሪ ክላርክ 27 ያርድ። ቲሚ ስሚዝ 58 ያርድ ሮጦ አገባ። እንደገና ለሳንደርስ 50 ያርድ። በመጨረሻ ለክሊንት ዲዲየር 8 ያርድ። በአንድ ሩብ ብቻ አምስት ታችዳውን፣ 35 ነጥብ። ዊሊያምስ በዚያ ሩብ 11 ወርውሮ 9ኙ ደርሶለታል፣ 228 ያርድ። ጨዋታው 42 ለ 10 አለቀ። ሱፐር ቦውል ተሰልፎ የተጫወተና ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ ሆነ። የጨዋታው ኮከብም እሱ ነበር። ያውም ጥቁር ተጫዋች ለማሰለፍ ከሁሉም መጨረሻ በሆነው ቡድን።

«ዊሊያምስ በመደበኛ ሲዝን ስንት ጨዋታ አሸነፈ?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ትንሽ ነው። ለዋሽንግተን ቋሚ ሆኖ የተሰለፈው ለጥቂት ጊዜ ነው። በዘመን ድምር ከባው ወይም ከታይዝማን አጠገብ አይደርስም። አንድ ጨዋታ ብቻ ከሆነ ግን እኔ ያለ ምንም ማመንታት እሱን አሰልፋለሁ። አጎትየው እውነቱን ነው። የፊት መስመሩንም አትርሱ። በዚያ ቀን ቲሚ ስሚዝ 204 ያርድ ሮጧል። ሯጭ ያን ያህል መንገድ የሚያገኘው የሚከፍትለት ሲኖር ነው።

ሦስተኛው ማርክ ሪፒን ነው። ካልጋሪ፣ ካናዳ የተወለደ፣ በ1986 ድራፍት (ቡድኖች በተራ አዲስ ተጫዋች የሚመርጡበት ነው) ስድስተኛ ዙር ላይ የተመረጠ። በ1991 14 ለ 2 ጨርሰው በጥር 1992 ቡፋሎን 37 ለ 24 አሸነፉ፤ የጨዋታው ኮከብ ሪፒን ሆነ። ረጅም ኳስ ሲወረውር እጅግ ያምራል። ሆኖም አንድ ቁጥር ልንገራችሁ። በዚያ ሲዝን 16 ጨዋታ ሙሉ የዋሽንግተን ኳርተርባክ ኳስ ይዞ የተጣለው 9 ጊዜ ብቻ ነው። በ2023 ሳም ሃወል የተጣለው 65 ጊዜ ነው። ሪፒንን እወደዋለሁ፤ ከሦስቱ ግን ከፊት መስመሩ ብዙ የተቀበለው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ሃወልንም «አይረባም» ለሚለው ሰው ይህንኑ ቁጥር እሰጠዋለሁ።

ደረቁ ዘመን

ከዚያ ወዲህ ዋሽንግተን ዋንጫ አላየም። ሂዝ ሹለር፣ ጋስ ፍሬሮት፣ ብራድ ጆንሰን፣ ፓትሪክ ራምሲ፣ ማርክ ብሩኔል፣ ጄሰን ካምቤል፣ ዶናቫን ማክናብ፣ ኋላም ካርሰን ዌንትዝ መጡ፣ ሄዱ። እነዚህን እርስ በርስ ማወዳደር ብዙ አያዋጣም። አሰልጣኙም ሥርዓቱም በየጊዜው ይቀየርባቸው ነበር።

አንድ ሰው ግን ከዚህ ዝርዝር ለይቼ አነሳለሁ፤ አሌክስ ስሚዝን። ኅዳር 18 ቀን 2018 ሂውስተንን ሲገጥሙ እግሩ ተሰበረ። ታይዝማን በተሰበረበት ቀን፣ ልክ 33 ዓመት በኋላ። ውጤቱ ሁለቱም ቀን 23 ለ 21 ነበር። ቁስሉ አመረቀዘ፣ እግሩ ሊቆረጥ ደርሶ ነበር፤ 17 ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በጥቅምት 2020 ተመልሶ ሜዳ ገባ። በዚያ ሲዝን ቋሚ ሆኖ ከተሰለፈባቸው ስድስት ጨዋታዎች አምስቱን አሸነፈ። በጽናት የሚበልጠው ማን ነው ከተባለ ሌላ ስም አልጠራም።

ግሪፈን ወይስ ከዚንስ?

በ2012 ዋሽንግተን ሮበርት ግሪፈንን ለማግኘት ሦስት የአንደኛ ዙርና አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ከፈለ። በዚያው ድራፍት አራተኛ ዙር ላይ ከርክ ከዚንስን መረጠ። አንዱ ብዙ የተከፈለበት፣ ሌላው ብዙም ያልተጠበቀ።

ከዚንስ በ2015 የወረወረው 4,166 ያርድ ነው፤ ቡድኑም የምድቡ አንደኛ ሆነ። ታምፓ ቤይ 24 ለ 0 ሲመራቸው ከቆዩ በኋላ 31 ለ 30 ያሸነፉት በዚያ ሲዝን ነው። በ2016 ደግሞ 4,917 ያርድ ወረወረ። የቡድኑ የአንድ ሲዝን ክብረ ወሰን ነው። ቡድኑ ግን ረጅም ውል ሳይፈራረም በዓመት በዓመት አቆየው። በ2018 ወደ ሚኒሶታ ሄደ፣ ሦስት ዓመት፣ 84 ሚሊዮን ዶላር፣ ሁሉም ዋስትና ያለው። በአገልግሎት ብዛት ከዚንስ ግሪፈንን ይበልጣል፤ ይህ አያከራክርም። ቲቪ ፊት አስቀምጦ የሚያቆም ግን ግሪፈን ነበር። የምታወዳድሩት የሁለቱን ምርጥ አንድ ዓመት ከሆነ፣ የ2012ቱን ግሪፈን እወስዳለሁ።

ግሪፈን ወይስ ዳንኤልስ?

ዛሬ ደም የሚያሞቀው ክርክር ይህ ነው። ሁለቱም ሃይስማን፣ የኮሌጅ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት፣ ተሸልመው መጡ። ሁለቱም በድራፍቱ ሁለተኛ ሆነው ተመረጡ። ሁለቱም በመጀመሪያ ሲዝናቸው የዓመቱ ምርጥ አዲስ አጥቂ ተባሉ። ሁለቱም ሯጭ ናቸው።

ቁጥሩን እንይ። ግሪፈን በ2012፦ በ15 ጨዋታ 3,200 ያርድ፣ 20 ታችዳውን፣ 5 የተጠለፈ ኳስ፣ በሩጫ 815 ያርድ። ዳንኤልስ በ2024፦ በ17 ጨዋታ 3,568 ያርድ፣ 25 ታችዳውን፣ 9 የተጠለፈ ኳስ፣ በሩጫ 891 ያርድ። የዳንኤልስ የሩጫ ቁጥር ለአዲስ ኳርተርባክ ክብረ ወሰን ነው። ድምሩን ላየ ሰው ዳንኤልስ ይበልጣል። አሁን ለጨዋታ አካፍሉት። ግሪፈን በጨዋታ 213 ያርድ ወረወረ፣ ዳንኤልስ 210። በሩጫ ግሪፈን 54፣ ዳንኤልስ 52። ግሪፈን የተጠለፈበትም ያነሰ ነው። እንግዲህ በቁጥር «ዳንኤልስ ቀደመው» ማለት አይቻልም። የአክስት ልጅ የሚቆጨው በምክንያት ነው።

ለእኔ ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። የ2012 ማጥቃት ግሪፈን ይሮጣል የሚለውን ፍራቻ ተጠቅሞ ሰፊ መንገድ ይከፍትለት ነበር። ተከላካዮች ያንን ካነበቡ በኋላ፣ ጉልበቱም ከተጎዳ በኋላ፣ ሌላ መውጫ አልተሠራለትም። ዳንኤልስ ግን ቆሞ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ተቀባይ ይፈልጋል። ሰዓት ሲያልቅ ደግሞ አይቸኩልም። በታኅሣሥ 2024 ፊላደልፊያን 36 ለ 33 ሲያሸንፉ አምስተኛውን ታችዳውን የወረወረው 6 ሰከንድ ሲቀር ነው።

ጥቅምት 27 ቀን 2024ን ደግሞ ማን ይረሳል? የጎድን አጥንቱን ታሞ ከቺካጎ ጋር ተሰለፈ። ቤርስ መጨረሻ ላይ 15 ለ 12 መሩ። የመጨረሻው እንቅስቃሴ ደረሰ። ዳንኤልስ ኳሱን ይዞ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን፣ እንደገና ወደ መሃል ሮጠ፤ ወደ 13 ሰከንድ ሊጠጋ። ከዚያ ባለ በሌለ ኃይሉ ወረወረው። ጎል መስመሩ ፊት የተጨናነቁት ተጫዋቾች መሃል ኳሱ ተነካካና ወደ ኋላ ዘለለ። ማንም ሳይጠብቀው ብቻውን የቆመው ኖዋ ብራውን ያዘው። 52 ያርድ፣ 18 ለ 15።

ፕሌይኦፍ ላይ ታምፓ ቤይን 23 ለ 20፣ ዲትሮይትን 45 ለ 31፣ ሁለቱንም በሜዳቸው አሸነፈ። ፊላደልፊያ 55 ለ 23 እስኪያቆማቸው ድረስ ለሱፐር ቦውል አንድ ጨዋታ ነበር የቀራቸው። ከዚያ በፊት በነበረው ሲዝን ይህ ቡድን 4 ጨዋታ ብቻ ነበር ያሸነፈው።

ግሪፈን በፕሌይኦፍ ያለው አንድ ጨዋታ ነው። ጥር 6 ቀን 2013፣ ላንዶቨር ሜሪላንድ፣ ከሲያትል ጋር። ጉልበቱ ከአንድ ወር በፊት ከባልቲሞር ጋር ሲጫወቱ ተጎድቶ ነበር። ዋሽንግተን መጀመሪያ ላይ እየመራ ሳለ እግሩ እንደገና አመመው። ቤት ሆኖ የሚያይ ሁሉ እያነከሰ መሆኑን ያያል። አላስወጡትም። አራተኛው ሩብ ላይ ኳሱ በትክክል ሳይደርሰው ቀረ፤ ሊያነሳው ሲታጠፍ ጉልበቱ ከዳው። 24 ለ 14 ተሸነፉ። ግሪፈን ከዚያ በኋላ የ2012ቱን ግሪፈን ሆኖ አልተመለሰም። ገና 22 ዓመቱ ነበር። በዚያ ቀን ያስወጣው ሰው አለመኖሩ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ስለዚህ ለሚመጡት ዓመታት ማንን እይዛለሁ? ዳንኤልስን። ግን «ከሁሉም ይበልጣል» የሚለው ገና ነው። በ2025 በጉልበት፣ በእግር ጡንቻና በግራ ክርን ጉዳት ምክንያት የተጫወተው 7 ጨዋታ ብቻ ነው። ክርኑ ከቦታው የወጣው ሲያትል በሰፊ ልዩነት እየመራ፣ ጨዋታው ካበቃለት በኋላ ነው። ግሪፈንን ያየ ሰው ይህን አይቶ ዝም ሊል አይችልም። እንግዲህ ልጁን የሚከተሉትን ነገሮች እንዲከታተል ንገሩት። ዳንኤልስ ሲሮጥ ከመመታቱ በፊት መሬት ላይ ይንሸራተታል ወይስ ይጋፈጣል? የፊት መስመሩ ስንት ጊዜ ያስጥለዋል? ጨዋታው ከእጅ ሲወጣ አሰልጣኙ ያስወጣዋል? ከወረወረው ያርድ በላይ የዳንኤልስን ዕድሜ የሚወስኑት እነዚህ ናቸው።

ማሊያ ልትገዙ ከሆነ

ለልጅ ከሆነ 5 ቁጥር የዳንኤልስን ግዙ፤ ልጅ የሚያየውን ነው የሚወደው። ለአጎት የዊሊያምስ 17 ነው። ነገር ግን ዛሬ 17 የሚለብሰው ኳስ ተቀባዩ ቴሪ ማክሎሪን ስለሆነ ጀርባው ላይ ስሙ መጻፉን አረጋግጡ። 33 የባው፣ 9 የጀርገንሰን ነው፤ ለክብራቸው ሲባል ሁለቱንም ቁጥሮች ሌላ ተጫዋች አይለብሳቸውም። የድሮዎቹ ማሊያዎች የድሮውን ስምና ምልክት ይዘው ይመጣሉ። ያንን መልበስ የማይፈልግ ሰው ብዙ ነው፤ ስጦታ ከሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። የግሪፈን 10 ያለው ሰው ደግሞ አይጣለው። የአክስት ልጅ ይፈልገዋል።